በክፍል ውስጥ እሳት ክልክል ነው

ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ክብሪቷ ናት። ሳፍታ ኪሷ ውስጥ ብትከታት ኖሮ ማንም ምንም ባላወቀ። እሷ ግን ከጧፏ ጋር በአንድ ፎጣ ጠቅልላ ሻንጣው አፍ ላይ፣ ከአይቡና ከፕሪም አረቄው ጠርሙስ በላይ አደረገቻት። አይ ሳፍታ! የምትፈራው ነገር ድንገት ቢመጣ ቶሎ እጇ እንዲገባላት ነዋ።

እሷና ባሏ ቶአዴር ከቦቶሻኒ ገጠር ተነስተው ቡካሬስት የገቡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የቶአዴር የልብ ቀዶ ጥገና ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እሑድ ደግሞ ከመንደራቸው የሚነሳ መኪና የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሌሊት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ርካሽ ሆቴል ሊያድሩ ሆነ። ሆቴል ከተባለ ነው እንግዲህ። የስሙ መብራት ግማሹ ተቃጥሏል፤ ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል።

ባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ዶይና የምትባል፣ ፀጉሯን ቀይ ያቀለመች ጎልማሳ ሴት ናት። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች መታወቂያ ጠየቀች። ሳፍታ መታወቂያ ለማውጣት ሻንጣውን ስትከፍት ፎጣው ተፈታና ጧፏና ክብሪቷ ባንኮኒው ላይ ዱብ አሉ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጧፍ ነዋ ልጄ።»

«ጧፍ መሆኑንማ አየሁት! እዚህ ቤት ክፍል ውስጥ እሳት ክልክል ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ቋሊማ ልጥበስ ብሎ መጋረጃውን አንድዶልኛል። ጣሪያው ላይ ያለችው መሣሪያ ጭስ ከሸተታት ትጮሃለች። እሷ ከጮኸች እሳት አደጋ ይመጣል። እሳት አደጋ ከመጣ እኔ ሥራ የለኝም። በሉ ክብሪቷን ወዲህ ይበሉ።»

ክብሪቷን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻት። «ሲሄዱ ይወስዷታል» አለች፤ ወደ ሱፏም ተመለሰች።

ቶአዴር ከኋላ ሆኖ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ጧፏን አያት። ወገቧ ላይ የታሰረውንም ቀይ ክር አየ። በእነሱ መንደር በትንሣኤ ሌሊት የበራች ጧፍ ጠፍታ፣ ክር ታስሮባት፣ ከቅዱሳኑ ሥዕል ጀርባ ትቀመጣለች። የምትቀመጠውም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ነፍሱ የምትወጣ ሰው እጅ ላይ ለማብራት። ያለ መብራት የሄደ ሰው በወዲያኛውም ዓለም በጨለማ ይደናበራል ይላሉ። ቶአዴር ይህን ከእናቱ ወተት ጋር ነው የጠጣው። ስለዚህ ምንም አልጠየቀም። ፊቱ ብቻ ከሰል መሰለ።

ደረጃውን ሲወጡ እንድትደግፈው አልፈቀደላትም። በየእርከኑ እያረፈ፣ እያለከለከ ክፍሉ ደረሰ። ክፍሉ ሁለት ጠባብ አልጋና አንድ የተሰነጠቀ መታጠቢያ አለው፤ መስኮቱ ወደ ሐዲዱ ያያል። ቶአዴር ኮፍያውን እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለች ሳፍታ፣ ሳትጠየቅ። «ነገ እሑድ አይደል?»

«ቡካሬስት ጧፍ ጠፍቶ ነው ከቤት ተሸክመሽ የመጣሽው?»

«የቤቱ ይሻላል ብዬ...»

«ሳፍታ።»

«አቤት።»

«እኔ ልቤ ነው የታመመው እንጂ ዓይኔ አይደለም። ክሩን አይቼዋለሁ። ሐኪም ቤት ነው ያመጣሽኝ ወይስ መቃብር?»

«አፍህን ዝጋ! እንዲህ ያለ ቃል ከአፍህ አታውጣ!»

«ቃሉንማ አንቺ በሻንጣ ይዘሽው ዞርሽ! እኔ እድናለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ጎረቤቱን ሁሉ ለወይን ለቀማ እመለሳለሁ ብዬ ነው የተሰናበትኩት። ላሚቱን እንኳ እመለሳለሁ ብያት አምናኛለች። አንቺ ግን፣ ዕድሜ ልኬን አብረሽኝ የኖርሽው ሚስቴ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁሽ ገንዘሽ ጨርሰሽኛል።»

ሳፍታ ምን ትበል? እውነቱን ነው። እሷ ግን እንዲሞት ፈልጋ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል። ልጃቸው ሳንዱ ጣሊያን አገር ለግንባታ ሥራ ሄዶ ከፎቅ ወድቆ ነው የሞተው። መንገድ ላይ፣ በማያውቀው ሰው መሐል፣ ማንም አንዲት ጧፍ ሳያበራለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳንዱ ጨለማ እናቱ ደረት ላይ ተቀምጧል። በየትንሣኤው የበራ ጧፍ በስሙ ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች፤ ግን አይለቃትም። ከቤቷ ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይሄድባት ምላለች። ይህን ለቶአዴር ልትነግረው ፈለገች። የሳንዱን ስም ስታነሳ ልቡ የባሰ እንዳይሸበርበት ብላ ዋጠችው።

«ሰኞ አልሄድም» አለ ቶአዴር።

«ምን አልክ?»

«አልሄድም። ለተገነዘ ሰው ቀዶ ጥገና ምን ይሠራለታል? ነገ በማታው ባቡር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

ይህን ተራ ከፀደይ ጀምሮ ነው የጠበቁት። ቦቶሻኒ ያለው ሐኪም በረዶ ሳይጥል ካልተሠራለት ሌላ በረዶ አያይም ብሎ ሳፍታን ለብቻዋ ጠርቶ ነግሯታል። ለመነችው። ተቆጣችው። «አንተ ግትር በቅሎ!» ብላ ሰደበችው። በልጅነቱ ስም ጠራችው። ምን ያደርጋል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከቤት ጠብሳ ያመጣችውን ዶሮ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።

ወደ ባንኮኒው ወረደች። ለምን እንደወረደች ራሷም አታውቅም፤ ከዚያ ክፍል ብቻ መውጣት ፈልጋ ነው። ዶይና ፊቷን አየችና ሱፏን አስቀመጠች።

«ምን ሆኑ እማማ? ታመሙ እንዴ?»

ሳፍታ ዝርግፍ አደረገችው። ስለ ጧፏ፣ ስለ ሳንዱ፣ ስለ ሰኞው፣ ሁሉንም። ዶይና ሻይ ቀድታ ሰጠቻትና እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እኔ ነገር ማሳመር አልችልበትም። ጧፏን ይጣሏት።»

«እሱስ እንደ ልጄ በጨለማ ቢሄድብኝ?»

«ካልተሠራለትስ? በመብራት ሊሞት ነው? ያው መሞት ነው። እሱ ጧፏ ሻንጣ ውስጥ እያለች ለሐኪም ቤት ደረጃውን አይወርድም።»

«አንቺ ልጅ አልቀበርሽም» አለች ሳፍታ፣ በቁጣ።

«አልቀበርኩም» አለች ዶይና። ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረችላት።

ሳፍታ ደረጃው መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጧፏን ብትይዝ ባሏ በግትርነቱ ሊሞትባት ነው። ብትጥላት ደግሞ ቢላዋ ሥር፣ እሷ በሌለችበት፣ እንደ ሳንዱ ሊሄድባት ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ለጠላትም አይስጥ። አንድ ሰካራም እንግዳ በጎኗ አልፎ ሲወጣ «አይዞሽ እናቴ» አላት፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ ቶአዴር አልጋ አጠገብ ቆመች።

«ተነስ፤ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ። ከዚያ በኋላ ባቡርህን መሳፈር ከፈለግክ ተሳፈር።»

እሑድ ነውና እምቢ ሊል አልቻለም። ተነሳ። ቤተ ክርስቲያኗ ከሆቴሉ ማዶ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች መሐል ተሸጉጣ ነው ያለችው። ግቢው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አሸዋ የተሞሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። በአንደኛው ላይ «ስለ ሕያዋን» ይላል፣ በሁለተኛው ላይ «ስላንቀላፉት»። ሳፍታ በመንደሯ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ትጀምር ነበር፤ ለሳንዱ። ዛሬ አለፈችው።

ከካፖርቷ ውስጥ ጧፏን አወጣች። ቶአዴር ሲያያት ፊቱን አዞረ።

«አታዙር! እየኝ!» አለችው። ቀዩን ክር በጥርሷ በጥሳ ጣለችው። ጧፏን ከሌላ ሰው ጧፍ ለኮሰችና ስለ ሕያዋን በተባለው አሸዋ ውስጥ ተከለቻት። ሁለቴ ወደቀችባት፤ በሦስተኛው ቆመች።

«ይኸው! አሁን ምን ቀረኝ? ምንም። ባዶ እጄን ነው ነገ የምወስድህ። ብትሞት በጨለማ ነው የምትሞተው፣ እኔ ደግሞ ሁለታችሁንም ተሸክሜ መኖር አልችልም። ስለዚህ አትሞትም። ገባህ?»

አጠገባቸው የቆመች ሴት አማተበች። ቶአዴር እሳቱን ትክ ብሎ አየ። ግን ያው ቶአዴር ቶአዴር ነው።

«ደግሞ ትእዛዝ!» ብሎ አጉረመረመና ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ወጥተው የግቢው በር ጋ ደርሰው ነበር። ቶአዴር ራሱን ዳበሰ።

«ኮፍያዬን ረሳሁ።»

«እኔ ላምጣልህ።»

«ኮፍያ ለማምጣት ገና አልሞትኩም» ብሎ ተመለሰ።

ቆየ። በጣም ቆየ። ሳፍታ ወድቆ ይሆን ብላ ወደ ግቢው ስትሮጥ የቤተ ክርስቲያኗን አገልጋይ አሮጊት አየች። ሴትየዋ ለሌላ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ግማሽ የነደዱትን ጧፎች እያጠፋች ባልዲ ውስጥ ትጥላለች። የሳፍታ ጧፍ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ቅድም ሲወጡ ስታያት ግማሿ እንኳ አልነደደም ነበር! መጥፎ ምልክት መሰላት፤ አሮጊቷን በፀጉሯ ይዛ ብትጎትታት ደስ ባላት። ግን ቶአዴር ኮፍያውን አድርጎ ከፊቷ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። እሱ እንዳያውቅ ብላ ነው።

«ምን አቆየህ?»

«ሰው ረግጦት ነበር። ሳራግፈው ነው።»

ወደ ሆቴሉ ቀስ እያሉ ተራመዱ። መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ቶአዴር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው ያሉት እነዚያ ሐኪሞች?»

ሳፍታ እንባዋ እንዳይታይ በመንገዱ ወደሚያልፈው የከተማ ባቡር ዞራ ነገረችው። ክፍላቸው ሲገቡ ዶሮውን በላ፤ ጨው አንሶታል ብሎም ተነጫነጨ። ከቅዳሜ ጀምሮ የሰማችው ደግ ቃል ይኸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ የጠራችላቸው ዶይና ናት። ቶአዴር ቀድሞ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ መሳቢያዋን ከፍታ ክብሪቷን ለሳፍታ ዘረጋችላት።

«ይዘዋት ይሂዱ፤ ምናልባት...» አለችና አፈረች።

«እዚያው ትቆይ» አለች ሳፍታ። «ሁለታችን ስንመለስ እንወስዳታለን።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነርሷ ቶአዴርን ነጭ ልብስ አልብሳ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኛችው። ቀለበቱን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱንና ኮፍያውን ለሚስቱ እንዲሰጥ ነገረችው። ጥርሱ ሲወጣ ድንገት አርጅቶ ታያት። ኮፍያውን ስትቀበለው ከገበሩ ሥር ደረቅ ነገር ተሰማት። ገልጣ አየች። ጧፏ ናት፤ ጫፏ የጠቆረ፣ ጎኗ የተቆለመመ፣ ግን ራሷ ናት።

«ቶአዴር!»

«ያቺ ባለባልዲ ሴትዮ ስትጥላት አየሁ» አለ፣ ጥርስ በሌለው አፉ ቃላቱ እየተንሸራተቱ። «ለምኜ አወጣኋት። ሰደበችኝ ደግሞ፣ ሌባ ነው ያለችኝ።»

«ለምን? አንተ እኮ ልታያት እንኳ...»

«ዝም በይና ስሚኝ። አትሞትም ብለሽኛል፤ አልሞትም። ግን አንቺን አውቅሻለሁ። እዚህ ኮሪደር ላይ ባዶ እጅሽን ከተቀመጥሽ ሳንዱን ነው የምታዪው። የኔም ልጅ ነበር፣ ሳፍታ። ያዣት። ለእኔ አይደለም፤ አንቺ እንዳትፈሪ ነው።»

ነርሷ አልጋውን መግፋት ጀመረች። ሳፍታ እጁን እንደያዘች አብራ ሮጠች፤ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ጋ ስትደርስ አስለቀቋት። የበሩ ሁለት ክንፎች ተዘጉ።

ኮሪደሩ ላይ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠች። አጠገቧ አንድ ሰው፣ እሱም የሚጠብቀው ሰው ያለው፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቶቹ ያሽከረክራል። ሳፍታ ጧፏን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው የካፖርቷን ኪስ ትዳብሳለች፤ እጇ በራሱ ነው የሚዳብሰው። ሰውዬው ጧፏን አየ፣ በሩንም አየ። ነገሩ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ላይተሩን ዘረጋላት።

«እሳት ቢያስፈልግዎ ይኸው እናቴ። እዚህ ክልክል ነው፤ ግን እኔ በሩን እጠብቅልዎታለሁ።»

ሳፍታ ላይተሩን የያዘውን እጅ አየች። ለመቀበል እጇ ተነሳ። ከዚያ ኪሷ ለምን ባዶ እንደሆነ ትዝ አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችው። «ክብሪትስ አለን። ሆቴል ነው የተውነው፣ ባሌ ሲወጣ አብረን እንወስደዋለን።»

ጧፏን ኮፍያው ውስጥ መልሳ፣ ኮፍያውን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ በሁለት እጇም ያዘችው።