በአባቴ ሰሌዳ ላይ የቀረው ሰዓት

አባቴ በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሰው ሳህን እያጠብኩ ነበር። በእኛ መንደር ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከሳህኑ ሥር ስሙን በፕላስተር ይለጥፋል፤ ሐዘኑን ከልቡ ይካፈላል፣ ሳህኑን ግን ይፈልገዋል። የአይሊሽን አጠብኩ። የብሪጂድን አጠብኩ። እስካሁን አላለቀስኩም። ውሃው ሙቅ መሆኑን ያወቅሁት እንፋሎቱን ስላየሁ ነው።

የግድግዳው ሰዓት አንድ ከሃያ ይላል። ሰው ሲሞት ሰዓት ማቆም ልማዳችን ነው፤ ከቀብር መልስ እንደገና ማስነሳትም እንዲሁ። እናቴ ግን "ወር ሞልቶ የመታሰቢያው ቅዳሴ እስኪደረግ አይነካም" አለች፤ የተከራከራት የለም።

ሌላም ያልተነካ ነገር ነበር። ከቤታችን በታች፣ መንገዱ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ቦታ፣ የአባቴ ሰሌዳ ቆሟል። የላይኛው ግማሽ በቀለም የተጻፈ ነው። "እዚህ ምን ይታያል? ምን ይደረጋል?" ይልና ይዘረዝራል፦ አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት፣ ካልተኙ። በደሴቷ ላይ ያለው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሪያ አትፈልጉ። ዋና፣ በራሳችሁ ኃላፊነት። ዝናብ፣ በየቀኑ፣ በነፃ። የታችኛው ግማሽ በጠመኔ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ደሴቷ ድረስ በእግር ያሻግራል፤ የሚሸሽበት ሰዓት ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚዘገይ፣ አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወርዶ የትናንቱን እያጠፋ የዛሬውን ይጽፍ ነበር። በዚያም ማክሰኞ "ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት" ብሎ ጽፎ ተመለሰ፤ ሻይ ጠየቀ፤ እናቴ አፍልታ ስትመጣ ሞቶ አገኘችው።

በቀብሩ ማግስት ጎረቤታችን ፓኪ መዶሻ ይዞ ወረደና ሰሌዳውን በላስቲክ ሸፍኖ ቸነከረው፤ የአባቴን የኮናልን የመጨረሻ ጽሕፈት ዝናብ እንዳያጥበው። መንደሩ ሁሉ አመሰገነው። ቄሱም አመሰገኑት። ደብሊን ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው እኔም አመሰገንኩት። ባሕሩን እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰሌዳውን ከመሃላችን ለቁም ነገር ያነበበው የለም።

ሳይታደስ የቆየው ጽሕፈት አሥራ አንድ ቀን ጉዳት አላደረሰም። ዘነበ። ደፍረው የመጡት ሁለት ሦስት እንግዶችም በተጻፈው ሰዓት ባሕሩን ሞልቶ ስላገኙት እየተነጫነጩ ተመለሱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፓኪ ጫማውን ሳይጠርግ ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

"ባሕር ከሌለበት ከኪልኬኒ ባልና ሚስት መጥተው ነበር" አለኝ። "ሰሌዳው ፊት ቆመው ዝም አሉ። የሚጸልዩ መስሎኝ ቆቤን አውልቄ አብሬያቸው ቆምኩ።"

"ከዚያስ?"

"ጫማቸውን አወለቁ። አክብሮታቸው ገረመኝ።"

"ፓኪ፣ አሁን የት ናቸው?"

"ወደ ደሴቷ ሄዱ። ከሄዱ ቆዩ እኮ፤ እኔ በጎቼን አይቼ ነው የመጣሁት።"

ሁለታችንም ቀና ብለን ሰዓቱን አየን። አንድ ከሃያ ይላል። ስልኬ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመስኮት ወደ ታች አየን፤ ባሕሩ እየተመለሰ ነው፤ ውሃው በመሻገሪያው መሃል ያለውን ጥቁር ድንጋይ ከቦታል።

ፓኪ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። "ዛሬ እኮ በሦስት ሰዓት ተኩል ነው ሸሽቶ የጨረሰው" አለ ቀስ ብሎ። "እያወቅሁ። አንቺ ልጅ፣ እያወቅሁ ነው የሸኘኋቸው። የኮናል ጽሕፈት ነዋ፤ ይሳሳታል ብዬ እንዴት ላስብ?"

"ስንት ደቂቃ አለን?"

"ሃያ። ያውም የአባትሽ ትራክተር ከተነሳ።"

ቁልፉ ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው የአባቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር፣ ከግማሽ ብስኩት ጋር።

በትራክተሩ ተሻግሬ ባልና ሚስቱን ደሴቷ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሴትዮዋ ሳንድዊቿን ሳታስቀምጥ አየችኝ።

"ሰሌዳው እስከ ስምንት ሰዓት ይላል" አለች።

"የጻፈው ሰው ሞቷል።"

"መቼ?"

"አሥራ ሁለት ቀኑ። ትራክተሩ ላይ ውጡ።"

ግማሽ መንገድ ላይ ውሃው ጎማውን አጋመሰው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። መፍራት እንዳለብኝ ትዝ አለኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ባልየው ጫማውን ከጭንቅላቱ በላይ ይዟል፤ ከአገሩ ይዞት የመጣው ብቸኛ ሀብት ይመስል። ሚስቱ ከኋላዬ እጇን በትከሻዬ ላይ ዘረጋች።

"በሐዘንሽ አዝኛለሁ" አለች።

መሪውን በግራ እጄ ይዤ ጨበጥኳት። በእነዚህ ቀናት አራት መቶ ያህል ሰው ጨብጫለሁ፤ እጇ ከእጄ ይልቅ የቀዘቀዘ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ዳር ስንደርስ እናቴና ፓኪ ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። ፓኪ መዶሻውን ይዟል፤ ምስማሩን ግን አልነካም።

"ጽሕፈቱ አይጠፋም" አለች እናቴ፣ ገና ሳልወርድ።

"እማ፣ ሰው ሊያልቅ ነበር።"

"አያለሁ። ዓይን አለኝ።" የባልየውን እርጥብ ሱሪ አየች። "የእጁ ጽሕፈት ነው እኮ፣ ደርቭላ። ሌላ ምን ጽፎ ያውቃል? ለእኔ እንኳ ደብዳቤ አልጻፈም።"

ፓኪ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

"በይ አጥፊው" አለች። "እኔ አላይም።"

መዶሻውን ከፓኪ ተቀብዬ ምስማሩን ነቀልኩ፣ ላስቲኩን ገነጠልኩ፣ በጥቁር ሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። ምንም አላስቸገረም። ቀድሞስ ባለቤቱ በየማለዳው ሲያጠፋው የኖረ ነገር ነው። ጠመኔው እንደተለመደው ከሰሌዳው ሥር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበር። "ዛሬ አልቋል። ነገ ከሁለት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል" ብዬ ጻፍኩ። ነገ ደግሞ የከነገ ወዲያው መጻፍ አለበት። ሰኞ ደብሊን ሥራ እገባለሁ ብዬ ነበር።

"ሰዓት ይዘሃል?" አለች እናቴ የኪልኬኒውን ሰው።

"ለስድስት ሩብ ጉዳይ።"

"ለስድስት ሩብ ጉዳይ" እያለች ዳገቱን ጀመረች፤ ግድግዳው ሰዓት ጋ እስክትደርስ እንዳትረሳው። ትንሽ ሄዳ ዞር አለች።

"እጅጌሽ ነጥቷል" አለችኝ። "አራግፊው።"

አራገፍኩት።