ያልተከራከረበት ኢንሹራንስ

የልጅ ልጄ ሃይሰም ለእረፍት ወደ ቬትናም ሊሄድ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ሊገዛ ቤይሩት መሀል ወዳለው ቢሮ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ለአንድ እስር ናና ከባለሱቅ ጋር የሚጨቃጨቅ ልጅ፣ ውዱን ያለ ክርክር ሲመርጥ ጠረጠርኩ።

“ልጄ፣ ውዱ ከርካሹ በምን ይበልጣል?” አልኳት ሻጯን።

“የሞተር ሳይክል አደጋም ይሸፍናል፣ እማማ።”

ሃይሰም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። አባቱ ከሞተር ወድቆ እስከዛሬ ያነክሳል፤ እሱም ሞተር ላይ ላይወጣ ለእናቱ ምሏል።

“አልነዳም እኮ፣ አያቴ! ለማንኛውም ብዬ ነው።”

“አንተ ለማንኛውም ብለህ ክብሪት እንኳ ገዝተህ አታውቅም!”

“እሺ፣ ርካሹን ልውሰዳ!” አለ ተቀይሞ።

ዓይኑን አየሁት። ርካሹን ቢይዝም መንዳቱ አይቀርም።

“ውዱን ስጪው፣ ልጄ” አልኳት። “መሐላ አጥንት አይጠግንም።”

ለእናቱ ምን እንደምላት ግን እስካሁን ጨንቆኛል።