የእጅጌው ኪስ

እማማ መቀስ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። ለሥራቸው ይሁን ለምላሳቸውም አልተለየም፤ ሁለቱም ይቆርጣሉ። ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የጣቢያውን የደንብ ልብስ ሰፍተዋል። አዛዥ መጣ፣ አዛዥ ሄደ፤ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ትከሻ የለም። ፊደል አልቆጠሩም፤ አለመቁጠራቸውንም እንደ ነውር ይዘውት አያውቁም። የቆጠሩት ሁሉ ሱሪያቸውን የሚያስጠብቡት እሳቸው ዘንድ ነው።

ነገሩ የመጣው ሳቂታው በሚሉት ኢንስፔክተር በኩል ነው። ሳቂታው መንገድ ላይ ቆሞ ሹፌር ያስቆማል። ሰላም ይላል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል፤ ከፈቃዱ ጋር የታጠፈው ብር ሳይታይ ወደ እጅጌው ይገባል። እጅጌው ውስጥ፣ በገበሩና በጨርቁ መሀል፣ ኪስ አለ። የሰፉት እማማ መቀስ ናቸው። ምን እንደሚገባበት አላወቁም ማለት ውሸት ነው፤ ሴትዮዋ ሞኝ አይደሉም። ይስፉ ተባሉ፣ ሰፉ፣ የእጃቸውን ዋጋ ተቀበሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ።

ሳቂታው በጉቦ ተከሶ ሲያዝ ዐቃቤ ሕጓ ኮቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሱቃቸው መጣች። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ይህን ኪስ ማን እንደሰፋው ያውቁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እኔ ምን አውቄ ይል ነበር። እሳቸው ግን ገበሩን ገለጥ አድርገው አዩት፤ ስፌቱ ዛሬም ሳይላላ እንደተቀመጠ ነው። ደስ አላቸው። ይህን የሚሰፋ ሌላ ማን አለ ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩና በጽሑፍ በሰፈረው ቃላቸው ላይ አተሙ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ጭር አለ። ፖሊሶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያላለቀ ልብሳቸውን ወሰዱ፤ አንዱ እንዲያውም እጅጌ ያልገባለት ኮት ታቅፎ ሄደ። አልተቆጡም፣ አልዛቱም። እማማ እንደምን ዋሉ፣ ልጅዎ ደኅና ነው፣ ይሉና ልብሳቸውን አጥፈው ይወጣሉ። ልጅዎ ደኅና ነው የምትለዋ ከአንዱም አፍ አልቀረችም።

ልጃቸው የሚኒባስ ሹፌር ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ መንጃ ፈቃዱን ቀሙት፤ ሦስቴም ያለ አንዳች ክስ መለሱለት። በአራተኛው አልመለሱለትም። እናቱ ሊመሰክሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። የሚለው አጭር ነው፤ ነገ ገብተው ረሳሁ ይበሉ። ሰባ ያለፋት ሴት ረሳሁ ብትል ማን ይፈርድባታል? ፈቃዱም ይመለሳል፣ ሱቁም ይተርፋል።

«ረሳሁ ያልኩ ቀን ገንዙኝ» አሉት።

«እማ፣ የሚገንዙሽ እነሱ እንዳይሆኑ ነው የምፈራው።»

ይህን ሲል አልሳቀም። እሳቸው የያዙትን ክር በጥርሳቸው በጥሰው መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩት። በመጨረሻ እስቲ አያለሁ አሉት። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁም ይህንኑ ይዞ ሄደ።

የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው። የኋላ ወንበሮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞሏቸው የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። እማማ መቀስ በመሀላቸው ሲያልፉ የራሳቸውን ስፌት በመደዳ አዩት። ሳቂታው ከጠበቃው ጎን ሆኖ እንደ ልማዱ በፈገግታ እጅ ነሳቸው።

ጠበቃው ደስ የሚል ድምፅ ያለው ሰው ነው። ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አልችልም አሉ። የደንበኛ መዝገብ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የለኝም አሉ። እንግዲያ ከስንት መቶ ኮት መሀል ይህ የዚህ ሰው መሆኑን በምን ለዩት፣ በዚህ ዕድሜስ ቢረሱ ማን ይታዘብዎታል፣ አላቸው።

በሩን ከፈተላቸው ማለት ነው። የቀራቸው መውጣት ብቻ ነበር። ልጃቸው ግድግዳው ጥግ ቆሞ በዓይኑ ይለምናቸዋል። አዩት፤ ረሳሁ ሊሉለትም አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቃው ያን ጊዜ ትንሽ ቢታገስ ጥሩ ነበር። አልታገሰም። ወደ ዳኛው ዞር ብሎ፣ ፈገግ እያለ፣ መቼም የመሃይም ትዝታ ነው ክቡር ዳኛ፣ አለ።

ደማቸው ፈላ።

«አንተ፣ ወዲህ ዙር» አሉት። «እኔ መዝገብ አያሻኝም፤ ክር አለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የተቋጠረበት አንድ አንድ ክር። አንዱ ቋጠሮ ደረቱ ነው፣ አንዱ ትከሻው፣ አንዱ እጅጌው። ሱቄ ግድግዳ ላይ በየምስማሩ ተሰቅሎልሃል፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ የማን እንደሆነ እነግርሃለሁ። የእጅጌ ኪስ ላዘዘ ደግሞ ገበሩን ሰፋ አድርጌ እንድቆርጥለት ጫፉ ላይ ቀይ አስርበታለሁ። ለዚህ ለአንዱ ብቻ የሰፋሁ መስሎሃል? ቀይ የታሰረበት አሥራ አራት ነው።»

የዐቃቤ ሕጓ እስክሪብቶ ቆመ። እሷ የጠየቀቻቸው ስለ አንድ ሰው ነበር። ከኋላ አንድ ወንበር ሲጥ አለ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሳቂታው ጥርሱን ከደነ። እማማ መቀስ ምን እንዳሉ የገባቸው የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ነው፤ አመድ መስሏል።

ዳኛው ክሩ በሙሉ ዛሬውኑ፣ ችሎቱ ሳይነሣ፣ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ምስክሯን አጅቦ ሄዶ ማምጣት የፖሊስ ሥራ ነው፤ ሌላ የሚያደርገው የለም። ዐቃቤ ሕጓ ይህን ስትሰማ ተነሣች። እኔም በመኪናዬ ከኋላ እከተላለሁ አለች፤ ተፈቀደላት። ልጃቸው ፖሊስ መኪናው ላይ አብሮ ሊሳፈር ሲል ቦታ የለም ተባለ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ሁሉም አየው።

እማማ መቀስ ከኋላ ገቡ፤ አንድ ሳጅን መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ፊቱን ማየት አላስፈለጋቸውም። ቀኝ ትከሻው ከግራው በአንድ ጣት ይወርዳል፤ እንዳይታይበት ውስጡን ጨርቅ ደርበው የሞሉለት እሳቸው ናቸው። ክሩ ከሱቁ በር በስተግራ ሦስተኛው ምስማር ላይ ነው። ቀይ አለበት።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። አንድ ትራፊክ እጁን አንሥቶ የዐቃቤ ሕጓን መኪና አስቁሟል። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ይጠይቃታል፤ የቸኮለ አይመስልም።

ሳጅኑ የእናቱን ጤና የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ ያወራ ጀመር። ሱቋ አሮጌ እንጨት መሆኗን፣ ጨርቅና ክር ደግሞ እሳት ቶሎ እንደሚይዘው፣ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ማንም በማንም እንደማይፈርድ ነገራቸው። ስንደርስ ክሩ ተቃጥሎ ነበር ይባላል፤ እሳቸውም አዎ ይላሉ። ለሱቋ ሌላ ቤት ይፈለጋል። የልጅዎ ፈቃድም ይኸው ብሎ ከደረት ኪሱ አወጣና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

እማማ መቀስ ፈቃዱን አነሡት። የልጃቸው ፎቶ አለበት፤ ደንግጦ የተነሣው ፎቶ ነው። ይዘውት ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሳጅኑም ያለቀ መስሎት ዘና አለ።

«ደግሞስ እማማ» አለ፣ «ክሩ ከሌለ እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

ቀና አሉ።

«ደረትህ አምስት ስንዝር ከሁለት ጣት» አሉት። «እጅጌህ ሦስት ስንዝር፤ ግራው ትንሽ ይረዝማል። ያን ጊዜ ወገብህ ቀጭን ነበር፤ አሁን ሦስት ጣት ጨምረሃል፣ ከምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ክሩ ጥጥ ነው፣ አቃጥለው። የአሥራ አራታችሁንም ከነስማችሁ ቁጭ ብዬ እደግመዋለሁ።»

ሳጅኑ እጁን ዘርግቶ መንጃ ፈቃዱን ከጣታቸው መሀል ቀስ ብሎ መዘዘና ወደ ኪሱ መለሰው። መኪናዋ ሱቋ ጋ ልትደርስ ነው።

«ልቁም?» አለ ሹፌሩ።

«ተው፣ ክሩ ይቆይ፤ ቀጥ በል» አለው ሳጅኑ።

የጣቢያው አጥር በቀኝ አለፈ፤ ከማዶው የተቆለፈችው ሱቋም አለፈች። እማማ መቀስ አንገታቸውን አዙረው እስክትሰወር አዩዋት። ዞር ሲሉ የሹፌሩ ጀርባ ከፊታቸው ነው። ልኩን አያውቁትም፤ የኮቱ አንገትጌ የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው።

«አንተስ» አሉት፣ «ልብስህን ማን ሰፋልህ?»

በመስታወቱ ውስጥ አያቸው። ከዚያ ከከተማ የሚያወጣውን መንገድ ይዞ ነዳጅ ረገጠ።