የእትዬ ጤናዬ ጉጉት

እትዬ ጤናዬ ሰው አያምኑም ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ሌላው ሰው ለጨዋታ ሲለው እሳቸው ግን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ድመት እንኳ አሳድገው አያውቁም። ለምን ቢሏቸው፣ ወተት ትሰርቃለቻ! ውሻ ነበራቸው፤ መንገደኛ ባየ ቁጥር ጅራቱን ይቆላል፣ ከሌባ ጋር ሳይመሳጠር አልቀረም ብለው ለሰው ሰጡት። ይጁቤ ገበያ ወርደው ጨው ሲገዙም ሚዛኑን ትተው የባለሱቁን ጣት ነው የሚያዩት።

ያለ ጥርጥር የሚወዱት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጃቸው አበባው። ከእሱ በላይም በታችም የወለዷቸውን አፈር በልቷቸዋል፤ ባላቸውም ካረፉ ቆይተዋል። አበባው ምሥራቅ የምትባል የደምበጫ ልጅ አግብቶ እናቱ ግቢ አስገባና፣ ጥምቀት ሲያልፍ ቆላ ወርዶ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠረ። አማትና ምራት ብቻቸውን ቀሩ። የእትዬ ጤናዬ ምኞት የተደበቀ አይደለም። አበባው በደህና ይመለስላቸው፣ ሳይሞቱ የልጅ ልጅ ይታቀፉ፤ ሌላ ምንም አይፈልጉም። የልጅ ልጅ ደግሞ ያለ ምራት አይገኝም። እሷኑ ነው እንግዲህ ቀን ከሌት የሚጠረጥሯት።

ምን አደረገች? ምንም። ግን ምንም ያላደረገ ሰው ለምን ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ሮጥ ይላል? ለምን ወጥ ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል? የእኔ እጅ ቀፈፋት፣ አሉ እትዬ ጤናዬ በሆዳቸው። ስልክ ሲጠራ ለምን ከቤት ይወጣል? ኔትወርክ ቤት ውስጥ አይገባም ብላለች። ይሁን እስቲ።

ከጓሮው ጥግ የሟች ባላቸው አሮጌ ሳር ቤት አለ፤ አሁን የጥጆች ማደሪያ ሆኗል፤ ከጎኑ የስንዴው ጎተራ ቆሟል። ከጣሪያው ሥር ሁለት ጉጉቶች ከባላቸው ዘመን ጀምሮ ይኖራሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ፣ ማንን ነኩ፣ ተዋቸው ይሉ ነበር፤ እትዬ ጤናዬም ጉጉት ክፉ ናት ቢሉም እስከዚያ ድረስ እጃቸውን አላነሱባቸውም። አንድ ጠዋት ግን ከሳር ቤቱ ግድግዳ ሥር አውራ ጣት የምታህል ጥቅልል አገኙ። በእንጨት ገለጥ ቢያደርጓት ግራጫ ፀጉር፣ በፀጉሩ መሀል ደግሞ ስስ ስስ አጥንት። ጉጉት አይጧን እንዳለች ውጣ ፀጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ እንደምትተፋ የሚያውቅ ያውቃል፤ እትዬ ጤናዬ አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት መተትን ነው። ፀጉርና አጥንት ጠቅልሎ ሰው ግድግዳ ሥር የሚጥል ማነው? እዚያ ጋ በየጠዋቱ የሚጠርገውስ ማነው? ጥቅልሏን አቃጥለው አመዷ ላይ ጠበል ረጩበት። በማግስቱ ሌላ ተገኘ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ምሥራቅ ስልኳን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። የስልኩ የጆሮ ድምፅ ስለተበላሸ የምታወራው በላውድ ነው። እትዬ ጤናዬ ከአጥሩ ወዲህ ጎመን የሚቀጥፉ መስለው አጎነበሱ። የአበባው ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል። ብዙውን ነፋስ ወሰደው። አንዷ ግን ጥርት ብላ ደረሰች፦

«…ጉጉት እኮ ሊገድለኝ ነው፣ ምሥራቅ።»

ምሥራቅ ሳቀች። ሳቀች! ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ዝም በል፣ እማማ እንዳይሰሙ» አለችው።

እትዬ ጤናዬ ጎመኑን እንደያዙ እዚያው ደርቀው ቀሩ። አንድ ልጃቸው፣ ያ የቀራቸው አንድ ልጅ፣ ጉጉት ሊገድለኝ ነው ይላል፤ ሚስቱ ትስቃለች። ጉጉት በጣሪያው ላይ የጮኸችበት ቤት ሬሳ እንደሚወጣበት በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ምንድነው ነገሩ ብለው እንዳይጠይቋት፣ አጥር ሥር ተደብቄ ሰማሁሽ ሊሏት ነው። ልጃቸውን እንዳይጠይቁት፣ ስልኩ በእሷ እጅ ነው። ፀጉሩን፣ አጥንቱን፣ ሳቁን፣ ጉጉቷን አንድ ላይ ገመዱት፤ ገመዱም ዞሮ ዞሮ ምራታቸው አንገት ላይ ገባ።

ሲነጋ ጎረቤታቸውን ይታያልን ጠሩት። ይታያል ሰው ሲያዘው እምቢ የማይል ጎልማሳ ነው፤ ሆኖም ጉጉቶቹን ግደልልኝ ሲሉት ጭንቅላቱን አከከና ምን አደረጉዎት አላቸው። ምክንያቱን አልነገሩትም። ይታያል መሰላል አስደግፎ ወጣ፤ እናቲቱን በዱላ መታት፣ ነጭ እንደ ባዘቶ የሆኑ ጫጩቶቿንም አወረደ። ባሏ አምልጦ በረረ፤ ጥቂት ምሽት ከዋርካው ላይ ሲጣራ ተሰማና ጠፋ። እትዬ ጤናዬ ማተባቸውን ይዘው ተመስገን አሉ። በዚያው ሳምንት አበባው ደወለ፤ ደህና ነኝ፣ ጤና ነኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ልጃቸውን ከሞት አፍ አውጥተውታል፤ ምራታቸው ግን አሁንም ጓሮ ለጓሮ ትሮጣለች።

እግዜር ፍጥረቱን ሲመድብ ለእያንዳንዱ ተራ ሰጥቶታል። ቀን ቀን ማሳው ላይ ጭልፊት ያንዣብባል። ከካቡ ውስጥ እባብ አለ። ቤት ውስጥ ድመት ትዞራለች፤ እትዬ ጤናዬ ቤት ግን ድመት የለችም። ሌሊቱና ጎተራው የጉጉቷ ድርሻ ነበር። እሷ ስትነሳ ቦታዋን የሚይዝ ሌላ አልመጣም፤ የፈነጨው የምትበላው ነው። አይጥ መካን የላትም። ትወልዳለች፣ የወለደቻት ትወልዳለች፣ እናትና ልጅ እኩል አራስ ይሆናሉ። በፊት ከምትወልደው አብዛኛው የጫጩቶቹ ራት ነበር፤ አሁን የሚጎድል ጠፋ።

እትዬ ጤናዬ አይጥ አላዩም አይባልም። በግድግዳው ውስጥ ሲንኮሻኮሹ ይሰማሉ፤ አንዷማ በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው መሀል አለፈች። ይታያልም፣ እትዬ፣ ዘንድሮ አይጥ በርክቷል፣ ጎተራዎን ቢያዩት ምናለ ብሏቸው ነበር። ጎተራውን ለምን አነሳው? ምራቴን ሳያግዛት አልቀረም። «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» አሉና ከእሱም ጋር ሰላምታ ቀነሱ። አይጥ ብትበላ እፍኝ ነው፤ ጎተራ ተሸክማ አትሄድም።

ጎተራውን ግን ከላይ ከፍተው አዩት። ስንዴው ጎድሏል። መሀሉ ሰው በእጁ እንደዛቀው ስርጉድ ብሏል። እህሉን አስተካክለው አለሰለሱና መዳፋቸውን አተሙበት፤ የድሮ ሰው ሌባ የሚይዝበት ዘዴ ነው። በማግስቱ ክዳኑን ቢያነሱ መዳፉ የለም። ስርጉዱ ተመልሷል፣ እንዲያውም ጠልቋል። እህሉ ከታች በኩል እየፈሰሰ ላዩ ወደ ውስጥ እንደሚሰምጥ በሐሳባቸው አልመጣም። ላይ ላዩን ነዋ የሚጠብቁት። ያ ስንዴ የክረምቱ ቀለብ፣ የሰኔው ዘር ነው።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው የገበያ ቀን ምሥራቅ ልትወጣ ስትል በር ላይ አስቆሟት። ቅርጫቷን አራገፉ፣ ምንም የለም። የነጠላዋን ጫፍ ያዙት፤ ተቋጥሯል። ሲፈቱት እፍኝ የማትሞላ ጥሬ ስንዴ።

«ምንድነው ይኼ?»

ምሥራቅ ፊቷ ቀላ፤ መሬት መሬት እያየች ቀስ ብላ መለሰች።

«አማረኝ።»

ይህችን ቃል አንዲት ወጣት ሚስት ለአማቷ ስትላት፣ ሌላ ሴት ብትሆን እልል ብላ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ምሥራቅም ያንን ሳትጠብቅ አልቀረችም፤ ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ጤናዬ ግን የሰሙት ኑዛዜ ነው።

«አማረኝ? ጎተራ ሙሉ ስንዴ ነው ያማረሽ?»

ከዚያ የቆየውን ሁሉ ዘረገፉት፤ መተቱን፣ ስልኩን፣ ወደ አባቷ ቤት የምታግዘውን እህል። ሌባ የሚለውም ቃል ወጣ። ምሥራቅም ጋቢዋን ብቻ ደርባ ወጣች፣ ከይጁቤ መኪና ተሳፍራ አባቷ ቤት ገባች።

ሌባ ተብላ የተመለሰች ልጅ ያለችው አባት ዝም አይልም። አቶ ፍሥሐ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ነገራቸውም አጭር ነበር፤ ልጄ ከሰረቀች እከፍላለሁ፣ ጎተራው በሰው ፊት ይከፈት። እትዬ ጤናዬም የፈለጉት ይኸንኑ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዱ። እዩት ይኼን ስርጉድ፣ የእጅ ዛቅታ ካልሆነ ምን ይባላል እያሉ። ይታያልና ሌላ ሰው ጎተራውን አቅፈው ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ አነሱት።

ወለሉ እዚያው ቀረ። ከሥሩ ስንዴ ሳይሆን አይጥ ፈሰሰ። ትልቁም ትንሹም በሽማግሌዎቹ እግር መሀል ተበተነ፤ አንዱ ሽማግሌ እንደ ልጅ ዘለሉ። በገለባ ጎጆ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀይ ቀይ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። የተረፈው ስንዴ ገለባና ኩስ ነው፤ ከአጥሩ ሥር እስከ ጎተራው ድረስ መሬቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

አቶ ፍሥሐ በትራቸውን አነሱና «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ብለው ወጡ። እትዬ ጤናዬ ከተገለበጠው ጎተራ አጠገብ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። እፍረት እንዲህ የሚያቃጥል መሆኑን በዕድሜያቸው አያውቁትም ነበር።

ከእሑድ በኋላ ደምበጫ ሄዱ። መንደሩ ጥግ ሲደርሱ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስተው በትከሻቸው ተሸከሙ፤ ያጠፋ ሰው እንዲያ ነው ደጅ የሚጠናው፣ የተበደለው አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። ከአቶ ፍሥሐ ደጃፍ ደርሰው አጎነበሱ። ሰው ተጠራ። ምሥራቅ ወጥታ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠች።

እትዬ ጤናዬ የሚሉትን መንገድ ሙሉ ሲያጠኑ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ሁሉም ጠፋባቸው። እውነቱ ብቻ ቀረ።

«በደልኩሽ፣ ልጄ። አበባው ጉጉት ሊገድለኝ ነው ሲልሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላየሽም።»

«የምን ጉጉት?»

«በስልክ ያለሽ። አጥር ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ምሥራቅ ለአፍታ ግራ ገባት። ከዚያ ገባት፤ እጇም ሳታውቀው ሆዷ ላይ አረፈ።

«ልጄን የማየት ጉጉት ሊገድለኝ ነው፣ ነው ያለኝ፣ እማማ። ለእናቴ ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ ለፋሲካ መጥቼ እኔው ልንገራት፣ ደስታዋን በዓይኔ ልየው አለ።»

ድንጋዩ በእትዬ ጤናዬ ትከሻ ላይ ተንቀጠቀጠ። ያ ጠዋት ጠዋት ሩጫ፣ ያ አፍንጫ መያዝ፣ ያች እፍኝ ስንዴ፤ ሰባት ወልደው ይህ እንዴት ተሰወረባቸው? አለቀሱ። ደስታም ነበረበት፤ ያንን ደስታ ግን በምን አፋቸው ይናገሩት?

ምሥራቅ ተነስታ ድንጋዩን በራሷ እጅ አወረደችላቸው። ይቅር ብያለሁ አለች። ሰዉ ሁሉ እሰይ አለ፤ አቶ ፍሥሐም ፊታቸው ፈታ አለ። እትዬ ጤናዬ የምራታቸውን እጅ ይዘው ተነሺ፣ እንሂድ ቤትሽ አሏት። አበባው ሲመጣ እቤቷ ያግኛት እንጂ።

ምሥራቅ እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

«መጥቼስ፣ እማማ? የልጄን አፍ እየከፈቱ ስንዴ አለበት ወይ ሊሉኝ ነው?»

አቶ ፍሥሐ ልጃቸውን በዓይን ገሠጿት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እውነት መልሱን ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ሰው ሁሉ ዞሮ እትዬ ጤናዬን አየ። እሳቸውም በማርያም ይሁንብኝ ብለው ሊምሉ ማተባቸውን ያዙ። ራሳቸውን ስለሚያውቁ ግን አልማሉም።