ያልተገራች ሽጉጥ

ኣብራሃ ከሰሜን ለንደን ከኤድመንተን ደቡብ ለንደን ስቶክዌል ድረስ የመጣው ለአንድ ፊርማ ነው። ፊርማው የሚያድነው ጥላዬን ነበር። ጥላዬ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ የእንግሊዝ ዜግነቱን ሊቀማ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ገድሏል ብለው የጠቆሙበት አሉ፤ መርማሪዎችም ፋይል ከፍተውበታል። ጠበቃው አንድ መላ አገኘ፤ ጥላዬ እንዲገድለው ታዞ የማረው ሰው እዚሁ ለንደን ውስጥ አለ፣ ይመስክርለት።

ያ ሰው ኣብራሃ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከታላቅ ወንድሙ ከኣሕፈሮም ጋር ቀበሌ ታሰረ። አንድ ማለዳ ብቻውን አውጥተው ከግንብ ጀርባ አንበረከኩት። ጥላዬ ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ደቀነ። ጠቅ አለ፤ አልተኮሰም። አቀባብሎ ደገመ። አሁንም ጠቅ። ከዚያ በሽጉጡ እጀታ ራሱን መታውና «መልሱት» አለ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኣብራሃን ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩት። ኣሕፈሮም በማግስቱ ተገደለ፤ ማን እንደተኮሰበት የነገረው የለም።

ኣብራሃ ቀሪ ዕድሜውን የገነባው በዚያች ጠቅታ ላይ ነው። ሰውየው ጥይቱን ሆን ብሎ አውጥቶልኛል ብሎ አመነ። ለንደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያገኘው ትከሻውን ሳመው፤ ጥላዬም አላስተባበለም። የኣሕፈሮም ሚስት ኣብሪሃት ይህን ስትሰማ ሁለተኛ ቤቴ እንዳትደርስ አለችው። አልደረሰም። በየማኅበሩ እየተነሳ ስለ ምሕረት ይናገር ነበር፤ ሰውም ያለቅስለት ነበር። በዳይን ንስሐ ሳይጠይቁ ለተበዳይ ይቅርታ ማጨብጨብ ይቀላል። ይህን ጭብጨባ የእኛን ሰው ያህል የሚወድ የለም፤ ከወንበሩ ሳይነሳ ጻድቅ ያደርገዋልና።

በሩን የከፈተችለት የጥላዬ ልጅ ሶልያና ናት። ነርስ ናት፤ ለዚህ ብላ ከሥራ ቀርታለች። አባቷ ብርድ ልብስ ደርቦ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ሻይ አቀረበችና ጠበቃው ያዘጋጀውን ወረቀት ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብለት ጀመር።

«"ሚስተር ጥላዬ ጥይቱን አስቀድሞ ከሽጉጡ አውጥቶ ነበር" ይላል። ኮሬክት ነው አይደል ጋሼ?»

ኣብራሃ ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ቼክ ያላደረገውን ነገር አይፈርምም። መርማሪዎቹ ቢጠይቁኝ እንዳልሳሳት ብሎ ወደ ጥላዬ ዞረና በአክብሮት ጠየቀው፤ ያወጡት ካዝናውን በሙሉ ነው ወይስ ጥይቶቹን ብቻ?

ጥላዬ ከሶፋው ቀና አለ። የቀበሌው ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ በእጁ ያላለፈ መሣሪያ አልነበረም።

«ባዶ ሽጉጥ ይዤ ወጥቼ አላውቅም» አለ። «እኔን ማን አደረግኸኝ?»

ከዚያ አስረዳው። ሽጉጧ ኮት ኪስ ውስጥ እንድትደበቅ ተብላ የተሠራች ትንሽ ሽጉጥ ነበረች። የቀበሌው ካድሬ ለራሱ ያስመጣት ናት፤ ያን ለት ማለዳ ከነፋብሪካ ቅባቷ ከካርቶን ወጣች። ትልቁ ሽጉጥ ያጎረሱትን ይውጣል። ትንሿ ግን አመለኛ ናት፤ ሞላዋ ደንዳና፣ የማቀባበያዋ ጉዞ አጭር፣ ጥይት የምታማርጥ፣ የያዛት እጅ ትንሽ ከላላ የምታኮርፍ። አዲስ ከሆነች መቶ ሁለት መቶ ጥይት ተተኩሶባት፣ ተወልውላ፣ ሞላዋ ሳይገራ አትታመንም። ይህን ለካድሬው ነግሮት ነበር፤ ካድሬው ሳቀበት። እንደፈራውም ሁለቴ ነከሰች፤ ጥይቱን አፏ ላይ ይዛ ቀረች።

«አንተ ላይ አዋረደችኝ» አለው። «ሰው ፊት።»

«ዳድ፣ ስቶፕ፣ ፕሊስ» አለች ሶልያና።

ኣብራሃ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። «ከዚያስ ጋሽ ጥላዬ? እንዴት አደረጓት?» ድምፁ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው የለሰለሰ ነበር።

የጥላዬ ፊት በራ። በዚህ አገር ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። የዚያኑ ለት ከሰዓት ድንጋይ ካባ ወስዷት ጥይት ቀይሮ መዳፉ እስኪያብጥ ሁለት መቶ ያህል ተኮሰባት። አጽድቶ፣ ዘይት ቀብቶ አሳደራት።

«በማግስቱ አራት ሰው፣ አራት ጥይት» አለ። «አንዴም አልነከሰች።»

«ከአራቱ አንዱ ረጅም ልጅ ነበር? ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት?»

«መጀመሪያ የወጣው ነው» አለ ጥላዬ፣ ማስታወሱ ራሱን እያስደሰተው።

ሶልያና ኣብራሃ እግር ሥር ተንበረከከች። አባቴ ይዘባርቃል፣ መድኃኒቱን መዋጡን እንኳ አያስታውስም አለችው። «እርስዎ እኮ ፎርጊቭ አድርገውታል ጋሼ። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ ያመሰገንኩት የማረኝን ሰው ነው» አላት። «ያ ሰው አልተወለደም።»

የጠበቃውን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው መጻፍ ያዘ። ቀበሌውን፣ ወሩን፣ ሽጉጧን፣ ድንጋይ ካባውን፣ አራቱን ሰዎች። የኣሕፈሮምን ስም ከነአባቱ ጻፈ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ለጥላዬ አነበበለት፤ አንድም ክፉ ቃል አልጨመረበትም። «ሁለት መቶ ጥይት» የሚለው ላይ ሲደርስ ጥላዬ አቋረጠው።

«ሁለት መቶ ሃያ» አለ። «አስተካክለው።»

አስተካከለው። «እንግዲህ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቢፈርሙበት ጥሩ ነበር» አለ፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ እያቀበለ።

ጥላዬ መነጽሩን አጠለቀ። ልጁ የእጁን አንጓ ያዘችው፤ በእንግሊዝኛ ለመነችው፤ በአማርኛ ለመነችው። እሱ ግን በክርኑ ገፋት።

«ሥራዬ ውስጥ አትግቢ» አላት።

«ተይው ልጄ» አለ ኣብራሃ። «አባትሽ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

ጥላዬ ስሙን ከነአያቱ በሰፊው ጻፈ፤ ከሥሩም ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ኣብራሃ መርማሪዎቹ እንዳይቸገሩ ብሎ የፈረንጁንም ቀን ነገረውና አጻፈው።