ከማዶ የመጣው ሽጉጥ

እመቤታችን ምስክሬ ናት፤ ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ብትገኝ፣ ይህ የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ቀኝ እጄ ከትከሻው ይድረቅ። በሁዋሬዝ ከተማ ሬፉሂዮ ጎሚስታው ዋሸ ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ እኔ ፊት አላለም። ጎማ ቤቴ ከድንበሩ ወንዝ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ማዶ፣ ወደ ኤል ፓሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ሳላየው የተሻገረ ጎማ ድልድዩ መሃል ላይ ይተነፍሳል። ይህን የማያውቅ ሾፌር ከዚህ እስከ ካናዳ የለም።

የምነግራችሁ የአበልጄን የኢላሪዮን ነገር ነው። ትልቋን ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ብረት በያጅ ነበር። በእኛ ሰፈር ሌባ የማያስገባ በርና የመስኮት ፍርግርግ ካያችሁ የእሱ እጅ ነው። እኔ አስተምሬዋለሁ ማለት ይቻላል፤ ብየዳ ባልችልም፣ ቆሜ ስመለከተው እጁ ይፈታ ነበር። ከሰው የማይጣላ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው። ዕድሉ ሆኖ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንድ ተማሪ በጥይት ሲገደል አየ። ፖሊስ መጥቶ፣ "ያየ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ መንገድ የሞላው ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። ኢላሪዮ እጁን አነሳ። በዚህ ከተማ ታሪክ እጁን ያነሳ ምስክር እሱ ብቻ ነው። የተናገረው ሁሉ በማግስቱ፣ ነጥቡ እንኳ ሳይጎድል፣ ገዳዮቹ ጆሮ ገብቶ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አንድ ጥርሰ ወርቅ ሰውዬ ብየዳ ቤቱ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ጌታው፣" አለው፣ "ከሰኞ በፊት ሰፈሩን ቢለቁ ለጤንነትዎ መልካም ነው።" ከዚያ የአንድ ፍርግርግ ዋጋ ጠይቆ፣ ውድ ነው ብሎ ሄደ።

የኢላሪዮ ሚስት ኤውስቶሊያ በዚያው ዕለት ሻንጣ አወረደች። እህቷ ፓራል ከተማ ነው የምትኖረው፤ አውቶቡሱ በየቀኑ ይሄዳል። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ይሂድ ወይስ ይቅር? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ካህን አልሄደም፣ ወደ ጠበቃ አልሄደም፤ ወደ እኔ መጣ። ከተማው ውስጥ ለምክር ሌላ ማን አለ?

"ልሂድ አበልጄ?" አለኝ፣ ያረጀ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ።

"ቤቱ የማነው?"

"የእኔ ነዋ። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው።"

"እና ሰው ከገዛ ቤቱ ይባረራል?"

"ባዶ እጄን ልጠብቃቸው? በመዶሻ?"

"ሕጉ እኮ ቤትህ ውስጥ ሽጉጥ ማስቀመጥ ትችላለህ ይላል።"

"ይላል። ጠይቄያለሁ። ግን የሚሸጡት ወታደሮቹ ናቸው፣ ዋናው ከተማ፣ ካምፕ ውስጥ። ወንጀል የለበትም የሚል ወረቀት፣ ሥራ አለው የሚል ወረቀት፣ አእምሮው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት አምጣ ይላሉ።"

"የመጨረሻውን ማን ደፍሮ ይፈርምልሃል?"

ሳቀ። በእነዚያ ቀናት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ቢፈረምም ወራት ይፈጃል። እነሱ የሚመጡት ሰኞ ነው።"

"እነሱስ ወረቀቱን አሟልተው ነው የታጠቁት?"

"የእነሱን አእምሮ የመረመረ ሐኪም ካለ፣ ነፍሱን ይማር" አለ ኢላሪዮ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምራችሁ። እኔ የአርባ አገር የመሣሪያ ሕግ በቃሌ አውቃለሁ፤ ጎማ የሚያስለጥፍ ሰው መጠበቅ ግዱ ነውና ያወራል። ጃፓን መርከብ ሲያራግፍ የኖረ አንድ ሽማግሌ፣ እዚያ በቆየበት ዘመን ሁሉ ሽጉጥ በዓይኑ እንዳላየ ነገረኝ፤ ለውሸቱ ማማር ብዬ ጎማውን በነጻ ለጠፍኩለት። ከሆንዱራስ በእግሩ የመጣ ወጣት ደግሞ፣ "እኛ ዘንድ ሕጉም ብዙ ነው፣ ቀብሩም ብዙ ነው" አለኝ። የእኛ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ወንዙ በበጋ ሱሪህን ሰብስበህ የምትሻገረው ነው። በወዲያኛው ዳር ሽጉጥ ከዳቦ ጎን ይሸጣል። በወዲህኛው ዳር ሽጉጥ ለመግዛት ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት በአውቶቡስ ትጓዛለህ፣ ከዚያም ወታደር ደጅ ትጠናለህ። ሕጉ እኛ ዘንድ ነው፤ ሬሳውም እኛ ዘንድ ነው። ከወንዙ ማዶ የቀረው ሱቁ ብቻ ነው። ይህን ለአንድ ጋዜጠኛ ስነግረው ቃል በቃል ጻፈው።

እናም ለአበልጄ፣ "ሻንጣውን ፍታው" አልኩት። "እሁድ ማዶ ትልቅ የመሣሪያ ገበያ አለ። ሰኞ ጠዋት፣ እነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ሽጉጡ እጅህ ላይ ነው።"

ከጎማው ላይ ተነሳ። "ትምልልኛለህ?"

"እመቤታችንን።"

"በቃ፣ እንግዲያ አልሄድም" አለ። ይኸው፤ የእኔ ቃል ሚዛኑ ይህን ያህል ነው።

እሁድ ማለዳ ፒካፔን አስነስቼ ድልድዩን ወጣሁ። የማዶዎቹ የድንበር ፖሊሶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሰልፉን ከፈሉልኝ። አንዱማ ኮፍያውን አንስቶ፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልታድን ነው?" አለኝ። ገበያው ከኳስ ሜዳ የሰፋ አዳራሽ ነው። ከአንዱ ጫፍ ቆማችሁ ብትጣሩ ከሌላው ጫፍ የሚሰማችሁ በበነጋው ነው። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጠመንጃ ያሳያሉ፤ ሰው አይስክሬም እየላሰ ጥይት ይመርጣል። እኔ የቆምኩት ዳርሊን የምትባል አሮጊት ጠረጴዛ ጋ ነው። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በግራ በኩል ሽጉጥ፣ በቀኝ በኩል ራሷ ያፈላችውን የኮክ ማርማላታ ደርድራለች። የእኛን ቋንቋ ከእኛ እኩል ትናገራለች።

"ምን ልስጥህ የኔ ልጅ?"

"ለአንድ ደግ ሰው የሚሆን ሽጉጥ።"

"ሁሉም እንደዚያ ብለው ነው የሚገዙኝ" አለች። "መታወቂያ?"

"ፊቴ አይበቃም?"

"ፊትህ መታወቂያ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ታስረህ ነበር።" ቢሆንም አንዱን ጥቁር ሽጉጥ በጨርቅ ጠርጋ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ሳገላብጠው፣ "እናንተ ዘንድ ይህ ክልክል ነው አይደል?" አለችኝ።

"ክልክል ነው።"

"ታዲያ እንዴት እንዲህ ታልቃላችሁ?"

"ከእናንተ እየገዛን ነዋ።"

"እኔ አንድም ቀን ወንዙን ተሻግሬ አልሸጥኩም" አለች፣ እጇን እንደ ጲላጦስ እያፋተገች።

"እናንተስ? ተፈቅዶላችሁም ትሞታላችሁ ሲሉ እሰማለሁ።"

መነጽሯን አወለቀች። "እንሞታለን። የእህቴን ልጅ ማንም አልገደለውም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ከአልጋው አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን ከፋውና መሳቢያውን ሳበ። እናንተ በር ላይ ትሞታላችሁ፣ እኛ መኝታ ቤት።"

"ታዲያ ለምን ትሸጫለሽ?"

"ማርማላታ ብቻውን ማን ይገዛኛል?"

አንድ ብልቃጥ ማርማላታም ገዛሁ።

አሁን ደግሞ መመለሱ። ማዶ መሸጡን ሕጉ ይፈቅዳል፣ እዚህ ይዞ መግባቱ ግን ዓመታት ያሳስራል። ስንቱ የማዶ ሰው ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ረስቶ፣ ታኮስ ሊበላ ድልድዩን ተሻግሮ፣ የእኛን እስር ቤት አደንጓሬ ሲበላ ከርሟል። እኔ ግን ጎሚስታ አይደለሁ እንዴ? ሽጉጡን በስኮርታው ጎማ ውስጥ ከተትኩት፤ ለጠፍኩት፣ ነፋሁት። ጉምሩካችን በር ላይ መብራት አለ፤ አረንጓዴ ከበራ ታልፋለህ፣ ቀይ ከበራ ትፈተሻለህ። ቀይ በራብኝ። ትክ ብዬ አየሁት። አፍሮ አረንጓዴ ሆነ። የወታደሮቹ ውሻ ስኮርታውን አሽትቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ጅራቱን ቆልቶ ሄደ። አገሩን የሚወድ ውሻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጀምበር ሳትወጣ አበልጄ ቤት ደረስኩ። ሽጉጡን ሰጠሁት። እሱ ራሱ ከሠራው ፍርግርግ ኋላ ቆምን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ጎማ መፍቻዬን ይዤ። መጡ። ሦስት መኪና፣ አሥራ አንድ ሰው፣ ሁሉም ጠመንጃ አንግበዋል። "ሬፉሂዮ እዚህ አለ!" ሲባባሉ ሰማኋቸው፤ ሁለቱ ወዲያው ሸሹ። ኢላሪዮ ተኮሰ። አንዱን ትከሻውን፣ ሌላውን ጉልበቱን መታው፤ ጥርሰ ወርቁን እኔ በመፍቻው አገጩ ላይ አሳረፍኩበትና ወርቁ ዛሬም ድረስ መንገዱ ላይ ይፈለጋል። ማሸነፋችን ነበር። ግን አንዱ ከመኪና ኋላ ሆኖ በእኔ ላይ አነጣጠረ፤ አበልጄ አየው፤ ዘሎ ፊቴ ቆመ። ጥይቱ ደረቱን መታው። እቅፌ ውስጥ ወደቀ። ሽጉጡን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ዓይኖቹን ወደ እኔ አዙሮ፣ "አበልጄ፣ ቃልህን ጠበቅህ" አለኝና አረፈ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ጎማ የማይተነፍስባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ሊሰሙ ይመጣሉ። ባለፈው እሁድ ሙት ዓመቱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ኤውስቶሊያ ግቢ ተሰብስበን፣ የአሳማ ሥጋ በቀይ ቃሪያ፣ ከሩዝና ከአደንጓሬ ጋር ቀርቦ፣ የማያውቁኝ የፓራል ዘመዶች፣ "እስቲ እንዴት ነበር?" አሉኝ። ተነስቼ አወራሁ። "ቃልህን ጠበቅህ" የሚለው ላይ ስደርስ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ኤውስቶሊያ ሩዝ እያደለች ነበር። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ተወችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያሉት ይሰሟት እንደሆነ አላውቅም።

"አበልጄ፣" አለችኝ፣ "ማዶዎቹ የመሻገሪያ ወረቀትዎን ከነጠቁዎት ቆይቷል እኮ፣ ገና ኢላሪዮ በሕይወት ሳለ። ልጅዎ ስታገባ ማዶ ሄዶ ቀሚስ የሚገዛ ጠፍቶ፣ እኔ አይደለሁ እንዴ ተሻግሬ የገዛሁላት?"

"ያኔ ሌላ ነው፣ ይሄ ደግሞ..." አልኩ።

"አሥራ አንድ ሰው አልመጣም። ሁለት ልጆች ናቸው፣ በአንድ ሞተር ሳይክል። አንደኛው ገና ጢም አላበቀለም። እርስዎም አልመጡም።" እጇን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። "ሻንጣውን እሱ ራሱ ነው የፈታው። እሁድ መሳቢያውን ባዶ አደረገና ንጹሕ ፎጣ አነጠፈበት፤ ሽጉጡ እዚህ ነው የሚቀመጠው አለኝ። እስካሁን ፎጣው እዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት ለአበልጄ እንቁላል ጥበሺለት፣ ከድልድዩ ርቦት ነው የሚመጣው አለኝ። ጠበስኩ። ፍርግርጉን ከፍቶ ደጅ ወጣ፤ ወደ ድልድዩ ማየት ጀመረ። ግባና ዝጋው አልኩት። ሲመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው አለኝ።"

የፓራሎቹ ሳህናቸውን ያዩ ነበር።

"የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ እርስዎ የላኩት ሰው መሰለው" አለች። "ቤቱን እንዳይስቱት ብሎ እጁን አነሳላቸው። ሳህንዎን ይስጡኝ አበልጄ፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው።"