የጅብ መውረጃ ውሃ

ሰው አገሩን ለእንግዳ ቢያሳይ አልጠላም። እኔም እንግዳ ሲመጣ ቤቴን እጠርጋለሁ፣ ያለኝንም አቀርባለሁ። ለእንግዳ ብሎ የቤተሰቡን ጉሮሮ የሚዘጋ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው የካቲት አየሁ። ያደረገው የማላውቀው ሰው ቢሆን እንዲህ ባልተቃጠልኩ። ያደረጉት ጋሼ በላይ ናቸው፣ የውሃ አባታችን።

ሰፈራችን ከሸዋ ሮቢት ወደ ተራራው ወጣ ብሎ ከገደሉ ሥር ነው። ከገደሉ አናት ላይ ወንዝ አለ። ክረምት ሲሆን እንደ ልቡ ወደ ታች ይወረወራል፣ ማንም አይነካውም። በጋ ሲገባ ግን ከአናቱ ላይ ጠልፈን በቦይ ወደ ማሳችን እናወርደዋለን፤ ያኔ ገደሉ ይደርቅና ዝንጀሮ ይቀመጥበታል። ቦዩን የቆፈሩት አባቶቻችን ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው። ውሃው ትንሽ፣ ጠጪው ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ቀን አለው። ተራውን የሚያወጣውና የሚያስከብረው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። ለኔ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ማክሰኞ ይደርሰኛል። ማግስቱ ረቡዕ የራቢዓ ነው፤ ከኔ ማሳ ዝቅ ብላ የምታርስ ጎረቤቴ ናት።

ሕጋችን አጭር ነው፤ ያለፈ ተራ አይመለስም። ጨካኝ ሕግ ነው ይሉ ይሆናል። አይደለም። የአንዱን ቀን ካሸጋሸጉት ከሥሩ ያለው ሁሉ ይሸጋሸጋል፣ ከዚያ ሰው በዶማ ይፈነካከታል፤ ድሮ ተፈነካክቷል። ጋሼ በላይ ይህን ሕግ በገዛ ልጃቸው ላይ ሳይቀር አስከብረዋል። አንድ ዓመት ልጃቸው ዳዊት በሬ ልገዛ ብሎ ማጀቴ ገበያ ሄዶ ሲያመሽ ተራው አለፈው። እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው። እምቢ አሉት፣ ማሾውም ዓይናቸው እያየ ደረቀ። እኔ እኚህን ሰው የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ አቤል መሬትሽን ለእኩል እርሻ ስጪኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሽንኩርት ለሴት አይሆንም ይላል፤ ሽንኩርቱ የወንድና የሴት እጅ የሚለይ ይመስል። ዘንድሮ አፉን ላዘጋው ቆርጬ በሬ ለምኜ አሳረስኩ፣ መደቡን ራሴ አወጣሁ፣ ችግኙን እያንዳንዱን በዚህ በእጄ ተከልኩ። ያለኝን ሁሉ እዚያ መሬት ላይ ነው ያፈሰስኩት። ከከሸፈብኝ መሬቱን ለአቤል አስረክቤ አስፋልቱ ዳር ካለችው ጀውሃ ወርጄ፣ ከምግብ ቤቶቹ አንዱ ጓዳ ገብቼ የሹፌር ሳህን ላጥብ ነው። የካቲት ላይ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሮ ነበር። በዚያ ጊዜ በኛ ፀሐይ አንድ ተራ ካለፈው አለቀለት።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ሚልኪያስ የሚባል አስጎብኚ ከእንግዶቹ ቀድሞ ቦታ ሊያይ ከአዲስ አበባ መጣላችሁ። የይፋትን ድንቅ ድንቅ ቦታ በሁለት ቀን አሳያለሁ ብሎ ሰው አሰባስቧል። መጀመሪያ የአሊዩ አምባን የጥንት ገበያ፣ ከዚያ ከነራቢዓ ሰፈር በላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ መስጊድ፣ ፍል ውሃውን፣ በመጨረሻ የኛን ፏፏቴ። ፏፏቴውን አንድ ሰው በነሐሴ ፎቶ አንስቶት፣ እሱ በስልክ አይቶት ነው። በነሐሴ የተነሳ ውሃ ይዞ በየካቲት መጣ። ደረቁን ገደል ሲያይ ክው አለ። የተማረ ሰው ክረምትና በጋ አያውቅም እንዴ? ስሙንም ለውጦታል። እኛ ጅብ መውረጃ ነው የምንለው፤ እሱ የሙሽሪት ሻሽ ብሎታል። ጅብ መውረጃ ብለን ሰው አንጠራም አለን እየሳቀ።

ከዚያ ጋሼ በላይን ያዛቸው። ቦታው ከታወቀ መንገድ ይገባል፣ ልጆቻችሁ ሥራ ያገኛሉ፣ እርስዎም የፏፏቴው ጠባቂ ተብለው ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ይነሳሉ አላቸው። ለአንድ ጠዋት ብቻ ውሃውን ወደ ገደሉ ይልቀቁልኝ ብሎ ለመናቸው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ልጃቸውን እምቢ ያሉት ሰውዬ እሺ አሉት።

ሰኞ ማታ ቤቴ መጥተው ነገሩኝ። እንግዶቹ ነገ በማለዳ አይተው ይሄዳሉ፣ ከረፋድ በኋላ ውሃው ያንቺ ነው አሉኝ። ለምን በኔ ቀን ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀኑን የቆረጡት እነሱ ናቸው አሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቀን ባይሆን ኖሮ እንደዚያ በቀላሉ ይሰጡት ነበር? ይህን በሆዴ ያዝኩት። እሺ አልኳቸው። እሺ ያልኩት ለጋሼ በላይ እንጂ ለሙሽሪት ሻሽ አይደለም።

ማክሰኞ እንግዶቹ አልመጡም። በማለዳ ሚልኪያስ ደውሎ ትናንት አሊዩ አምባ ላይ ፎቶ ሲያነሱ መሽቶባቸዋል፣ ረፋድ ላይ ይደርሳሉ አለ። ረፋዱ ሲያልፍ ለምሳ ቆመዋል አለ። ውሃው ግን ከነጋ ጀምሮ በገደሉ ይወርዳል፣ ማንም ሳያየው፣ ማንንም ሳያጠጣ፣ ከሥር ባለው ሸለቆ አድርጎ ወደ በረሃው ይሄዳል። ሄጄ ጋሼ በላይን ይዝጉልኝ አልኳቸው። አሁን ይደርሳሉ፣ ከዘጋሁት ለመሙላት ጊዜ ይፈጃል አሉኝ። ከሰዓትም ሄድኩ። አዲሱን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሐሩር ላብ እያጠመቃቸው፣ መንገዱን ያያሉ። አሁን ይደርሳሉ አሉኝ ደግመው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ እንግዶቹ ነገ ነው የሚመጡት የሚል ስልክ መጣ። ማክሰኞዬ በዚህ ሁኔታ አለቀ። ደሜ ፈላ፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና ቃል ሳልተነፍስ ወደ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ዝምታዬም እናደዳለሁ።

ረቡዕ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ መጣ። እንግዶቹ እየሳቁ ወደ ገደሉ ሥር ወረዱ፣ ጋሼ በላይም ከፊት ከፊት እየመሩ። እኔ ማሳዬ ውስጥ ቆሜ ሽንኩርቴን አያለሁ። ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ አንገቱ ታጥፏል፣ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ሰንጥቋል። ራቢዓ አካፋዋን አጠገቧ አጋድማ የራሷ ማሳ ዳር ላይ ተቀምጣለች። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ኢንሻአላህ ሲሄዱ ይለቁታል አለችኝ። ሶብር ሽንኩርት አያጠጣም አልኳት። የማሳዬን የውሃ መግቢያ ከፈትኩ፣ አካፋዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ ገደሉ አናት ወጣሁ።

እዚያ ጠባቂ እንኳ አላቆሙም። ማን ይደፍራል ብለው ነው። የቦዩን አፍ አፈር በሞላ ጆንያና በድንጋይ ደፍነውታል። ጆንያውን ጎትቼ አነሳሁት፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየፈነቀልኩ በወንዙ ላይ ደረደርኩት፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ አንድ ሰው ሰደብኩ። ሚልኪያስን፣ አቤልን፣ ነሐሴ ላይ ፎቶ ያነሳውን ሰው። ለጋሼ በላይ ትልቁን ድንጋይ አቆየሁላቸው። ውሃው ቦዩን ሲያገኝ ዞረ። ከገደሉ ጫፍ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ውሃው ቀጠነ፣ እንደ ገመድ ሆነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ። ከሥሩ ቆሞ የሚታጠብ አንድ ጎረምሳ ፀጉሩ ላይ አረፋ እንዳለ ቀና ብሎ ቀረ።

ቁልቁለቱን ወርጄ ስደርስ ሚልኪያስ እያስረዳቸው ነበር። ይህ ፏፏቴ በቀን ውስጥ የማረፍ ጠባይ አለው፣ የተፈጥሮ ምስጢር ነው ይላቸዋል። ወይ ጉድ! ከነሱም አንዳንዶቹ ያንን በስልካቸው እየቀረጹ ነው። ሥራዬን ለተፈጥሮ ሲሰጥብኝ ዝም ልበል?

«አያርፍም» አልኩ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ክረምት ኑና እስኪበቃችሁ እዩት፣ በጋ ግን እህላችን የሚጠጣው ነው። ትናንት የኔ ቀን ነበር፤ እናንተ ምሳ ስትበሉ የኔ ሽንኩርት ሞተ።»

አንዲት ሴትዮ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። አላወቅንም፣ ማንም አልነገረንም አለች፤ ከልቧ እንደሆነ ያስታውቃል። እሷ ላይ አልተናደድኩም። ሚልኪያስ ግን ወደ ጋሼ በላይ ዞሮ፣ ይቺ ሴት በናንተው ደንብ ትቀጣ፣ ያለ ፈቃድ ውሃ የነካ ይቀጣል አላሉኝም ነበር ወይ አለ። ሰው ሁሉ እሳቸውን አየ። ጋሼ በላይ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ክንዳቸው ላይ ጣሉት።

«ውሃው የሚሄደው ወደ ቦታው ነው» አሉት። «ያለ ተራው የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንግዶችህን ይዘህ ሂድ።»

ያን ጊዜ ደረቴ ነፋ አለ። ጮኼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ሊጥሉ ነበር፣ እንኳን ነቁ እያልኩ ወደ ማሳዬ ሮጥኩ። ውሃው ቀድሞኝ ደርሶ፣ ከፍቼ በሄድኩት መግቢያ ገብቶ፣ የመጀመሪያዎቹን መደቦች እያራሰ ነበር። ስንጥቁ ሲጠጣ ይሰማል። እጄን ጭቃው ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

ጋሼ በላይ እያለከለኩ ከኋላዬ መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ደብሪቱ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀና ስል ራቢዓ አካፋዋን ይዛ ማሳዋ ዳር ቆማለች። የሷም ሽንኩርት ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ነው፣ የሷም መሬት ተሰንጥቋል፣ ቀኑም የሷ ነው።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን በሕይወቴ ለሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። ካፖርትዎን ለብሰው ማክሰኞዬን ለዝንጀሮ ገደል ሲሰጡ ሕጉ የት ነበር አልኳቸው። ለሚልኪያስ የላላው ሕግ እኔ ላይ ሲደርስ ጠበቀ ወይ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ምን ታመጣለች ብለው ነው ወይ አልኳቸው። ከዚህም የባሰ ብዬ ነበር፣ አሁን አልደግመውም። እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ። ሰድቤያቸው ስደክም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱልኝ።

«ለእንግዳ ብዬ አንዴ አጠፋሁ። ላንቺ ብዬ ደግሜ ራቢዓ ላይ ላጥፋ?»

ራቢዓ ያኔ ነው የተናገረችው፤ ደብሪቱ፣ ወላሂ ግማሹን ውሰጂ፣ ተራው የኔ ከሆነ መስጠቱም የኔ ነው አለች። ማሳዋን አየሁት። ያ ውሃ ለሁለት ቢከፈል የሷም አይድን፣ የኔም አይድን። ያንቺም እኮ እየሞተ ነው አልኳትና ተንበረከኩ። ጭቃውን በሁለት እጄ እያፈስኩ መግቢያዬን ደፈንኩት። ውሃው ትንሽ ቆም አለ፣ ከዚያ አልፎኝ ወደ ራቢዓ ወረደ።

የራቢዓ ሽንኩርት ደረሰ። ከኔ የጠጡት ጥቂት መደቦች ብቻ ተረፉ፤ ሌላውን ነቅዬ ለከብት ሰጠሁት። መሬቱን አሁን አቤል ያርሰዋል። ይህን የምነግራችሁ ጀውሃ ካለው ምግብ ቤት ጓዳ ሆኜ ነው፤ ከፊቴ የሹፌሮች ሳህን ተቆልሏል። ጋሼ በላይ ወደ ገበያ ሲያልፉ በጓዳው በር በኩል ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ ይሉኛል። አልመልስላቸውም። ክርስቲያን አይደለሽም ወይ፣ ሰውዬው እኮ ልክ ነበሩ ይሉኛል ሰዎች። ረቡዕ ዕለት ልክ ነበሩ፣ እኔም አውቃለሁ። ማክሰኞስ የት ነበሩ?